ለድልድይ ዘበኛ የሸጥኩት መስታወት

ተጠራጣሪ ሰው ነበርኩ። ይህን የምለው ንስሐ ለመግባት አይደለም፤ የማይጠራጠር ነጋዴ ሱቁን ለሌላ ሰው እየጠበቀ ነው። ዛሬ የማወጋችሁ ግን ጥርጣሬዬ ሰውየውን አግኝቶ ነገሩን የሳተበትን ቀን ነው። በዚያን ቀን ሃያ የሚሆን ሰው ሊያልቅ ነበር፤ እኔ ደግሞ የሄድኩት ወርቅ ፍለጋ ነበር።

ጊዜው ጣልያን ከወጣ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ዳር አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ነበረችኝ፤ ሚስማር፣ አሞሌ ጨው፣ ፋኖስና የመስኮት መስታወት እሸጣለሁ። ትምህርቴ የገበያ ነው። ፊደል የለየሁት በሸቀጥ ሣጥን ላይ የተጻፈውን እያነበብኩ ስለሆነ ከአቡጊዳ በፊት «ተሰባሪ ነው» የሚለውን ነው ያወቅሁት። ከሱቁ ሌላ መጋዘንና አንዲት አሮጌ የጭነት ማኪና ነበሩኝ። የሚስቴ ወንድም ውቤ ይነዳታል፤ ከደባርቅ ገብስና ባቄላ ታመጣለች፣ በላዩ ላይ ደግሞ ሰው ትጭናለች።

ከኮሶዬ አለፍ ብሎ፣ በደባርቅ መንገድ ላይ ጣልያን የሠራው የሲሚንቶ ድልድይ አለ። ዘበኛው አያ ተካ ይባላል፤ ካፖርቱ ከእሱ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ቃሉ አጭር የሆነ ሽማግሌ ነው። አንድ ቅዳሜ፣ በጥቅምት መጨረሻ፣ እያለከለከ ሱቄ ገባ።

«አድማሱ፣ መስታወት ቁረጥልኝ።»

«ስንት በስንት?»

«ስፋቱ ሁለት ጣት፣ ርዝመቱ አንድ ስንዝር።»

«ይች የምን መስኮት ናት አያ ተካ? ዝንብ ልታጮልቅባት ነው?»

«አንተ ቁረጥ።»

ቆረጥኩ፤ በጨርቅ ጠቅልሎ እንደ ታቦት በሁለት እጁ ይዞ ወጣ። እኔ ጎጆውን አውቃታለሁ። መስኮት የላትም፤ በሯም ቢሆን በር ለመባል ብዙ ይቀራታል። በጥር መጣና ያንኑ ልክ አስቆረጠኝ። በመጋቢት መጣ። በሚያዝያ ሁለት ጊዜ መጣ። ግንቦት እንደ ገባ በሳምንቱ ደግሞ «አምስት ቁረጥልኝ» አለኝ።

«አምስት! ምነው፣ ቤተ መንግሥት እየሠራህ ነው እንዴ?»

«ለእኔ አይደለም።»

«ለማን ነው?»

«ለመንግሥት።»

መንግሥት መስታወት ሲፈልግ ከእኔ ሱቅ በስንዝር አይገዛም። በዚህ ላይ ሽማግሌው ዋጋ አይከራከርም። ዋጋ የማይከራከር ደገኛ ካያችሁ ወይ ታሟል ወይ አንድ ነገር አግኝቷል።

ሁለተኛው የተጠራጠርኩት ሰው አቶ ፍቅሩ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ የመንገድ ሥራ ባለሙያ ነው፤ ሕዝቡ «ባለገመዱ» ይለዋል፣ ሲባጎና ደብተር ይዞ በየወሩ በሦስተኛው ቀን ከዚያ ድልድይ ሥር ይገባልና። ሲባጎውን የሚገዛው ከእኔ ነው። አንድ ቀን ጠየቅሁት፦

«አቶ ፍቅሩ፣ ከድልድዩ ሥር ምን አለ?»

«ስንጥቅ አለ።»

«ስንጥቅ ለማየት በየወሩ ይኬዳል?»

ጨው የተደረደረበትን መደርደሪያዬን አየና «ይች ጣውላ መቼ ጎበጠች?» አለኝ።

«በዓመቷ።»

«ጨው ጨምረህባት ነው?»

«የለም፣ ያው ነው። ሸክሙ ሰልችቷት ነው።»

«ሲሚንቶም እንደዚያው ነው። አንድ ዓይነት ሸክም ተሸክሞ ሲኖር በዝግታ ይጎብጣል። ያ ድልድይም ጥቂት ጎብጧል። እሱ ብቻውን ብዙ አያሳስበኝም፤ ከጉብጠቱ ጋር ስንጥቁ እየተከፈተ ከሄደ ነው የምፈራው። እስካሁን ግን የፀጉር ያህል አልተነቃነቀም።»

ደስ ብሎት ወጣ። እኔ ግን በጨው መደርደሪያ እስኪመስልልኝ ድረስ መድከሙ አላማረኝም። አንድ ቃል ሲበቃው አሥር የሚናገር ሰው፣ ዘጠኙ መሸፈኛ ናቸው። በዚያን ጊዜ ደግሞ ጎንደር ውስጥ የማይወራ የለም፤ «ጣልያን ሲሸሽ ወርቁን ከየድልድዩ ሥር ቀብሮ ነው የሄደው» ይባላል። ሒሳቡን ሠራሁት፦ ባለገመዱ ይለካል፣ ዘበኛው ይቆፍራል፣ መስታወቱ ለጊዜው ባይገባኝም ሲደረስበት ይገባኛል። ሁለቱ ከደረሱበት እኔ የማልደርስበት ምክንያት የለም።

የግንቦት ሚካኤል ዋዜማ ማለዳ ላይ በሰው ማኪና ተሳፍሬ ወጣሁ። ለሚስቴ «ገብስ ልገዛ ነው» አልኳት። ውቤ በዚያው ቀን ከደባርቅ ስለሚመለስ፣ ድርሻዬን በገዛ ማኪናዬ ጭኜ ለመግባት ነበር ያሰብኩት። ድልድዩ ጋ ሳልደርስ ወረድኩና በዳገቱ ጥግ ጥግ ሄጄ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ወንዙ በበጋው ተመናምኖ ቁርጭምጭሚት አይነካም።

አያ ተካ ከድልድዩ ሥር ድንጋይ ላይ ቆሞ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ የሆነ ነገር ይለስናል።

«ያዝኩህ!» አልኩት።

ሽማግሌው ከድንጋዩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። እጁ እስከ ክንዱ ነጭ ነው።

«ወርቁ የታለ?»

«የምን ወርቅ?»

«አያ ተካ፣ ሁለታችንም ትልልቅ ሰዎች ነን።»

ቀና ብዬ ሲለስን የነበረውን አየሁ። ከድልድዩ ትላልቅ ተሸካሚዎች በአንደኛው ሆድ ላይ ጥቁር ስንጥቅ ወርዷል። በስንጥቁ ላይ እንደ ድልድይ አግድም የተቀመጠችው እኔ የቆረጥኳት መስታወት ናት፤ ሁለቱ ጫፎቿ በጀሶ ተለጥፈዋል። በጀሶው ላይ ቀን ተጽፏል። ጣቴን ሰደድኩ፤ ጀሶው ገና እርጥብ ነው። የተጻፈው ቀን ግን የአምና ሰኔ ነው።

የሌላ አገር ምልክት የተለጠፈበት ሸቀጥ ስንት ጊዜ በእጄ አልፏል! የተጭበረበረ ነገር ሳይ ጣቴ ያውቃል።

«ይኼን ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«አንተ መጻፍ ትችላለህ?»

«አልችልም። ባለገመዱ የጻፈውን ዓይቼ እንደ ጥልፍ ነው የቀዳሁት። መስመሩ ሲጣመም አጥፍቼ እደግማለሁ።»

«ለምን?»

ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ሲናገር ወንዙን እንጂ እኔን አያይም።

«አምና ባለገመዱ ይችን መስታወት ለጠፈና ‹አያ ተካ፣ ይች የመንግሥት ናት፤ ጠብቃት፣ አንድ ነገር እንዳትሆን› አለኝ። ጠበቅኋት። ከብት አላስጠጋሁም፣ ልጅ አላስጠጋሁም። አንድ ቀን ማንም ሳይነካት ተሰብራ አገኘኋት። አድማሱ፣ ከዚያ በፊት የመንገዱ ምልክት ብረት ተሰርቆብኝ አሥራ አምስት ቀን ታስሬያለሁ። ‹ማንም ሳይነካት ተሰበረች› ብል ማን ያምነኛል? አንተ ታምነኝ ነበር?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አላምነውም ነበር።

«ስለዚህ እሱ ከመምጣቱ በፊት ተካኋት። መጣ፣ አያት፣ ‹ሸጋ! አልተነቃነቀችም› ብሎ ጽፎ ሄደ። ከዚያ ደግሞ ተሰበረች።»

«ሰባራዎቹን የት ጣልካቸው?»

«የመንግሥት ዕቃ ይጣላል እንዴ?» አለና ከድንጋይ ሥር ትንሽ ስልቻ አወጣ። እያንዳንዷ ሰባራ በየራሷ ጨርቅ ተጠቅልላለች። አንድ በአንድ ፈታቸው።

«ይች የጥቅምት መድኃኔ ዓለም ዕለት። ይች የአስተርዮ ማርያም። ይች የመጋቢት ሚካኤል፣ ይች የሚያዝያ ሚካኤል። ይችኛዋ በዚያው በሚያዝያ፣ በመድኃኔ ዓለም። ይች የግንቦት አቦ፣ ባለገመዱ አይቷት በሄደ በሁለተኛው ቀን። ይች ደግሞ የዛሬ ጠዋት።»

በጣቴ ቆጠርኩ። የመጀመሪያዋ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ቆየች። ሁለተኛዋ ሦስት ወር አልሞላትም። ቀጥሎ ሁለት ወር የማይሞላ፣ ቀጥሎ አንድ ወር፣ ቀጥሎ ግማሽ ወር፣ ቀጥሎ ስምንት ቀን፣ ቀጥሎ ስድስት። በየዓመቱ ይመጣ የነበረ ደንበኛህ በየቀኑ መምጣት ከጀመረ ቤቱ አንድ ነገር ደርሷል ማለት ነው። ቀና ብዬ ያንን ስንጥቅ አየሁት። ጣልያን በወርቅ አልሞላውም፤ ባዶ ነው፣ ጨለማው ወደ ውስጥ ይሄዳል።

ይህን እያየሁ የማኪና ድምፅ ሰማሁ። ከደባርቅ በኩል፣ ቁልቁለቱን እያቃሰተ የሚወርድ። በሺህ ማኪና መሃል የማውቀው የራሴ ማኪና ድምፅ ነው።

«ውቤ ስንት ሰው ጭኖ ነው የሚመጣው?» አልኩ፣ ለራሴ።

«ነገ ሚካኤል አይደለም?» አለኝ አያ ተካ። «ከላይ በሰው ጥቁር ሆኖ ነው የሚመጣ።»

ወንዙን ተሻግሬ በደባርቅ በኩል ያለውን ገደል በእጄም በእግሬም ወጣሁ። ማኪናዋ ከድልድዩ አፍ ሃያ እርምጃ ሲቀራት መንገዱ መሃል ቆሜ እጄን ዘረጋሁ። ውቤ አቆመ። ገብሱ እስከ አናቷ ተጭኖ፣ በገብሱ ላይ ሰው፣ በሰዉ ላይ ጓዝ።

«አያ አድማሱ! ምነው? ከየት ወጣህ?»

«ድልድዩ ታሟል። ሰዉ ይውረድ፣ ጭነቱም ይውረድ።»

ከላይ አንዲት ዶሮ የታቀፈች ሴት፦

«አምና ‹የሊማሊሞ መንገድ ተናደ› ብለህ ጨው ያስወደድክብን አንተ አይደለህም? ዛሬ ደግሞ ድልድዩን ልታስወድደው ነው?»

ማኪናዋ በሳቅ ተናወጠች። ከኋላ በኩል አንዱ ጎልማሳ ጨመረበት፦

«ገብሱን ከዚህ ሊሸጠው አስቦ ነው! እኛን በእግር ሊሰደን!»

«ኧረ የምለው እውነት ነው» አልኩ። ይህችን ቃል በሕይወቴ ስንት ጊዜ እንደ ተናገርኳት እግዜር ይወቅ፤ ያን ዕለት ግን ከአፌ ስትወጣ ሸቀጥ ሸቀጥ ሸተተችኝ። ያለ ትርፍ እውነት የተናገርኩባት የመጀመሪያዋ ቀን ሳትሆን አትቀርም፤ የሚገዛት አጣሁ።

ውቤ ራሱ «ባለገመዱ እኮ ባለፈው ሳምንት አይቶ ‹ይለፉ› ብሏል» አለኝ።

«የተሳሳተ ነገር ነው ያየው።»

«እሱ የተማረው ተሳስቶ አንተ አወቅህ?»

ጋቢና ውስጥ አንድ መሪጌታ ተቀምጠው ነበር፤ ጥምጥማቸው የነጣ፣ ለንግሡ የሚወርዱ። እስካሁን አልሳቁም። ከጋቢናው ወረዱና «የሚታይ ነገር ካለ አሳየኝ» አሉኝ። ውቤን «እስክንመለስ ንቅንቅ እንዳትል» ብዬ መሪጌታን ደግፌ ወደ ወንዙ አወረድኳቸው።

አያ ተካ ከስንጥቁ ሥር እንደ ቆመ ነው። ጀሶው በዚህ መሃል ደርቋል። ነገሩን በአጭሩ ነገርኳቸው፤ መሪጌታ መነጽራቸውን አድርገው አንጋጠጡ።

«መስታወቷ እኮ ደኅና ናት» አሉ።

«አሁን ነው የተለጠፈችው፤ የጠዋቷ...»

ከላይ ሞተሩ ጮኸ። ውቤ ልጅ ሆኖም መቆም አይችልም ነበር፤ ላዩ ላይ ሃያ ሰው «ንዳው! ይኼን ነጋዴ ጥለኸው ሂድ!» እያለ ሲጨፍርበት ደግሞ እንዴት ይችላል? የፊት ጎማዎቹ ድልድዩ ላይ ሲወጡ ከላያችን አንድ የታፈነ ድምፅ ወረደ። በመሪጌታ ነጭ ጥምጥም ላይ አመድ የመሰለ አቧራ ተነሰነሰ። ቀጥሎ «ቀጭ» አለ፤ ትንሽ ድምፅ ናት፣ ሴት ክር በጥርሷ ስትበጥስ የምትሰማው ዓይነት። መስታወቷ ለሁለት ተከፍላ፣ ሁለቱ ግማሾች ሲራራቁ በዓይኔ አየሁ።

አያ ተካ «እኔ አልነካኋትም!» ብሎ ጮኸ።

ገደሉን እንዴት እንደ ወጣሁት አላውቅም። ብጮህ ሞተሩ ድምፄን ዋጠው። ማኪናዋ የኋላ ጎማዋን ልታስገባ ነው። ከመንገዱ ዳር የጡጫ ያህል ድንጋይ አነሣሁና በውቤ ፊት ለፊት ያለውን መስታወት መታሁት። ብትንትኑ ወጣ። ዓይኑን ሸፍኖ ፍሬኑን ረገጠ።

«አብደሃል? የገዛ ማኪናህን?» አለኝ።

በዚህ ጊዜ መሪጌታ ከገደሉ አፍ ብቅ አሉ። ጥምጥማቸው ተፈትቶ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም፤ «ልጄ፣ ወደ ኋላ፣ ቀስ ብለህ» አሉት። ውቤ ጎማዎቹ መሬት እስኪነኩ ድረስ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መለሳት። ከዚያ «ውረዱ» አሉ፤ ወረዱ። እኔ ስለፈልፍ ያልሰሙኝ ሰዎች እሳቸው በአንድ ቃል አወረዷቸው። ዶሮ የታቀፈችው ሴት ባጠገቤ ስታልፍ ቆም አለችና «ያምናው ሊማሊሞስ እውነት ነበር?» አለችኝ።

«የአምናው ውሸት ነበር» አልኳት።

«ታዲያ እንዲህ አስቀድመህ አትናገርም?» ብላኝ ወንዙን ተሻገረች።

በማግስቱ መልእክት ደርሶት አቶ ፍቅሩ በጂፕ መጣ። ሌሊቱን ከአያ ተካ ጋር ጎጆው ውስጥ ነበር ያደርኩት፤ ሽማግሌው ጋቢውን ለእስር ቤት ጠቅልሎ አዘጋጅቶ ጠበቀው። ስልቻውን እግሩ ሥር ፈታለትና ቀኖቹን በየታቦታቱ ነገረው። አቶ ፍቅሩ የራሱን ደብተር ገለጠ፤ በየወሩ አንድ መስመር፣ «አልተነቃነቀም»፣ «አልተነቃነቀም»፣ «አልተነቃነቀም»። ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። እኔ «አሁን ያስረዋል» እያልኩ ነው።

«አያ ተካ» አለ በመጨረሻ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው። ጠብቃት አልኩህ፤ ስትሰበር ንገረኝ አላልኩህም። እኔ የለጠፍኳት እንድትሰበር ነበር።»

«እንድትሰበር?»

«ስንጥቁ ሲከፈት እንድትነግረኝ። ሥራዋ መሰበር ነው።»

ሽማግሌው እኔን አየ፣ እሱን አየ። «ታዲያ እኔ አፏን ስዘጋ ነው የከረምኩት?» አለ።

አቶ ፍቅሩ አዲስ ገጽ ገልጦ ሰባራዎቹን በቀናቸው ነጥብ በነጥብ አስቀመጣቸው፤ ነጥቦቹ መጀመሪያ ተራርቀው፣ ወደ መጨረሻው እየተጠጋጉ ሄዱ። ደብተሩ ያልያዘውን የዘበኛው ስልቻ ይዞት ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፦

«አንተስ እዚህ ምን ልታደርግ መጣህ?»

«ገብስ ልገዛ።»

«ከድልድይ ሥር?»

«ርካሽ ነው ብለውኝ።»

ድልድዩ ተደረመሰ ብዬ ባወራችሁ ወሬው ያምር ነበር። አልተደረመሰም። ከሥሩ በባሕር ዛፍ ግንድ ተደግፎ ክረምቱን አለፈ፤ ማኪናው ሁሉ ውሃው ሲጎድል ጠብቆ በወንዙ በተጠረገ መንገድ ዞረ፤ በበጋው አፍርሰው ሌላ ሠሩ። አያ ተካ አልታሰረም፤ በአዲሱም ድልድይ ዘበኛ ሆነ። አንዳንድ ሰው እስከ ዛሬ «ምንም አይሆንም ነበር፣ በከንቱ ነው ያስፈራራን» ይለኛል። አልከራከርም። ከሥር ሆኖ ያየውን ከላይ ለተቀመጠ ማስረዳት ከባድ ነው።

እናንተ አንባቢዎቼ «ታዲያ ምን ተለወጠ?» ትሉ ይሆናል። የተለወጠው ቤቴ ነው። በሱቄና በመጋዘኔ አንድ ደንብ ነበረኝ፦ የሰበረ ይከፍላል። በዚህ ደንብ እኮራ ነበር፤ በእኔ ቤት ምንም አይሰበርም እያልኩ ለሌሎች ነጋዴዎች አወራ ነበር። ከድልድዩ ስመለስ ግን ይህ «ምንም አይሰበርም» የሚለው ቃል ከአቶ ፍቅሩ ደብተር ጋር አንድ ሆነብኝ። ሠራተኞቼን ሰበሰብኩና «ከዛሬ ጀምሮ ሰብሮ የነገረኝ አይከፍልም፤ የደበቀኝን ነው የምቀየመው» አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ። ዓይናቸው «ይኼ ሰውዬ ምን ሊሸጥልን ነው?» ይላል። ተጠራጠሩኝ፤ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ሁለት ወር ሙሉ አንድ ሰው አንድ ነገር ሰበርኩ አላለኝም።

ሐምሌ ላይ፣ ዝናብ በያዘ ጠዋት፣ የመጋዘኔ ኃላፊ ላቀው ገባ። ከእኔ ጋር ያረጀ ሰው ነው። ኮፍያውን እያሻሸ ቆመ።

«ያ የጣሪያው ዋና እንጨት...» አለኝ።

«ምን ሆነ?»

«ተሰንጥቋል። በጠፍር አስሬዋለሁ፤ እንዳታየው ጆንያ ሰቅዬበታለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ዓመቱ ነው።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ምሳዬን የምበላው ከዚያ እንጨት ሥር ተቀምጬ ነው። ምላሴ የለመደውን ሊናገር ተሰናዳ። ጥርሴን ነክሼ ዋጥኩት። በንግድ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ የከበደኝ ቃል የለም።

«እግዜር ይስጥህ ላቀው» አልኩት።

ወጥመድ እንደሚያይ ሰው አየኝ። እውነቴን መሆኑን ሲረዳ ትከሻው ወረደ።

«ሌላስ የተሰበረ አለ?» አልኩት።

«አለ» አለኝ።

በርጩማ ሳብኩለት፤ ከእንጨቱ ራቅ አድርጌ።